ድምፁ የነበረበት ካርድ

የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ለቅሶ የመጡ ቀን አባቴ የወንድሜን ፎቶ በእጁ ዳሰሰው። ትልቅ ፎቶ ነው። መስታወትና ወርቃማ ጠርዝ አለው። ወንድሜ በሰማያዊ ቱታ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ሜዳሊያ አለ። አባቴ ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ሄደበትና «ይቀዘቅዛል» አለ። ከዚያ ለእኔ መልሶ ሰጠኝ።

ሰዎቹ አባቴ እንደማያይ አያውቁም ነበር። ማን ይንገራቸው? የዓይን ማዝ ነው ያጠፋው፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ኋላ ሌላውን። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አባቴ ማየት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ለአባቴ ትልቁ ልጁ ድምፅ ነበር። ጢም ያበቀለውን ፊቱን አያውቀውም።

እኔ መጻፍ አልለመድኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። አማርኛዬ የትምህርት ቤት ነው፤ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገው ቋንቋ ነው። መጻፍ የሚችለው እሱ ነበር። እኔ የምጽፈው ለማንም ልነግረው ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። እሱንም ወዲያው አልጽፈውም። ትንሽ ቆይቼ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ዕቃ ይወጣል። ገበሬ ከሆነ ጋቢው፣ ዱላው፣ ጠብመንጃ ካለው ጠብመንጃው። አልቃሿ እያንዳንዱን እየነካች ሰውየው ምን ሰው እንደነበር ትናገራለች። ዕቃው ነው ቃሉን የሚሰጣት። የወንድሜ ዕቃ የሆኑት ያ ፎቶ፣ አንድ ዋንጫና ሰማያዊው ቱታ ናቸው። ሦስቱንም ያመጡት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ናቸው። አልቃሿ ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ሰቆጣ ዙሪያ ለቅሶ ሲኖር የሚጠሩ ሴት። ቱታውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው እንግዶቹ እንዲሰሙት በአማርኛ እንዲህ አሉ፦

ሁሉን ቀድሞ ሮጦ ዋንጫ ያመጣ ሰው፣
ሞት ከኋላ መጥቶ እንደምን ደረሰው?

ሰው ሁሉ አለቀሰ። የስፖርት ክፍል ኃላፊው፣ ወጣት ሰው ነው፣ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ግን በልቤ «ይሄ አይደለም፣ ይሄ አይደለም» እል ነበር። ወንድሜ ሯጭ ነበር፤ እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሄደው ግን ሊሮጥ አልነበረም።

የሄደው ቋንቋና ሥነ ቃል ሊማር ነው። ሥነ ቃል ማለት ሰው በአፉ የያዘው፣ ያልተጻፈው ነገር ነው ብሎ አስረድቶኛል። እሱ የመረጠው ለቅሶ ነበር። በኽምጣንጋ የሚለቀሰውን ለቅሶ፣ አሮጊቶቹ ሳይሞቱ፣ ሊሰበስብ። ክረምት ለዕረፍት ሲመጣ ከትምህርት ክፍሉ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ተውሶ ይመጣል። ፃግብጂ ሄደ። ሰሃላ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን በእግሩ ሄደ። መጀመሪያ የቀረጸው ግን እዚሁ ጎረቤት፣ እማማን ነው። እኔ መቅረጫውን ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

«ሰው ሳይሞት አልቅሱ ትለኛለህ?» አሉት እማማ። «ሟርተኛ!»

«እርስዎ ለሞተ ሰው ብዙ አልቅሰዋል፤ አንድ ቀን በብድር ያልቅሱልኝ» አላቸው።

«ብድሩን ማን ይከፍላል?»

«እኔ ስሞት ያንን ቀን ይቀንሱልኛል።»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ሁሉ እዚያ መቅረጫ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ማልቀስ ሲጀምሩ እውነት ሆነባቸውና የሞቱ ልጆቻቸውን አነሱ። ወንድሜ በመሐል በኽምጣንጋ «እማማ፣ ደክሞዎት እንደሆነ እንረፍ» አላቸው። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ይህችን ቃል አልረሳትም።

መሮጡ እንዴት እንደመጣ ልናገር። በአንደኛው ዓመት በትምህርት ክፍሎች መካከል ውድድር ተደረገና ለቁጥር ማሟያ አስገቡት። ሁሉንም ቀደመ። በተሰፋ ሸራ ጫማ። በማግስቱ ስሙ የቡድን ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ በስልክ የሚነግረኝ ነገር ሁለት ዓይነት ሆነ። ሯጮች ለብቻቸው ይበላሉ፤ ጠዋት እንቁላል አለ፣ በሳምንት ሥጋ አለ። ቱታ ተሰጣቸው። ወደ ውድድር የሚሄዱት በአዲስ አውቶቡስ ነው። በትምህርት ክፍሉ ግን ሥነ ቃል ለመሰብሰብ የታሰበው ጉዞ ነዳጅ የለም ተብሎ ቀረ። ቤተ ንባቡ ውስጥ አንድን መጽሐፍ ለአርባ ሰው በሰዓት ያድላሉ። የሙዚቃና የቲያትር ክበቡ ክፍል የኳስና የመረብ ማስቀመጫ ሆነ።

«በአንድ ሰውነቴ ሀብታምም ደሃም ነኝ» ብሎ ስልክ ላይ ሳቀ። «ከወገቤ በታች ሀብታም ነኝ።»

ጓደኞቹ «የአሮጊት እንባ ሰብሳቢ» ይሉታል። ሲያሸንፍ ግን ትከሻቸው ላይ ይሸከሙታል።

እንግዲህ ያልነገርኩትን ነገር ልጻፈው። በሦስተኛው ዓመት፣ ከትልቁ ውድድር በፊት፣ ደወለልኝ። ስሮጥ ደረቴን ይወጋኛል አለ። ክሊኒክ ሄጄ ኪኒን ሰጡኝ አለ። መመረቂያ ሥራዬንም አልደረስኩበትም፤ ከቡድኑ ልውጣ ይሆን? አለ። ለአባቴ አልነገረም። ለእኔ ነው ያለው። እኔ ደግሞ በዚያ ጊዜ የምለብሰው ጫማ እሱ ከቡድኑ ያገኘው ነበር። ቤታችን ውስጥ እህል እያለቀ ነበር። አንድ አፍ ቢያንስ እዚያ ጠግቦ ያድራል ብዬ አሰብኩ።

«አትውጣ» አልኩት። «ለቅሶው የት ይሄዳል? ይቆይሃል።»

 «እሺ» አለ።

ወንድሜን ለሩጫ ያጩት ሰዎች ላይ ስናደድ ይህ «አትውጣ» ያልኩት ይመጣብኛል። እኔም እንደነሱ ነው የፈረድኩት። እግሩን መረጥኩ።

በልምምድ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉን። አስከሬኑን እስከ ቤታችን ድረስ በመኪና ላኩልን፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ራሳቸው መጡ፤ ፎቶውንና ዋንጫውን ይዘው።

ስህተቱ የተሠራው ያን ቀን ነው። ሊሄዱ ሲነሱ የስፖርት ኃላፊው ከአባቴ ፊት ተንበረከከ። «አባት፣ በልጅዎ ስም የመታሰቢያ ውድድር ልናደርግ ነው፤ ይፍቀዱልን» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ አባቴ።

«ሌላስ? እኛ ዘንድ የቀረ የእሱ ነገር፣ የምትፈልጉት ነገር ካለ ይንገሩን። ምንም ይሁን።»

ለቅሶ የመጣ ሰው አይጠየቅም። እንዲህ ነው ያደግነው። እግሩን አንስቶ መጥቶ አብሮህ ካለቀሰ ሰው ዕቃ ብትጠይቅ ሐዘንህን ሸጥክ ይሉሃል። ጠግበሃል፣ ምንም አያስፈልግህም፣ ባዶ ቤት ብትሆንም። አባቴ እንደ ወጉ መለሰ። «መምጣታችሁ ይበቃናል፤ ሌላ ምን እንፈልጋለን?» አለ። ሽማግሌዎቹም «ይበቃል፣ ይበቃል» አሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። መቅረጫው ትዝ ብሎኛል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በሽማግሌዎች መሐል፣ ያውም አባቴ ከተናገረ በኋላ፣ እንዴት ብዬ? ዋጥኩት። መኪናው ሄደ።

እንግዳው ሁሉ ሲመለስ አባቴ ጠራኝ።

«ድምፁ የለም ወይ?»

«የምን ድምፅ፣ አባዬ?»

«የወንድምህ ነዋ። ስልክ ድምፅ ይይዝ የለም እንዴ? ያንተ ስልክ አልያዘም?»

ስልኬን ፈተሽኩ። ፎቶ አለ። የሱ ድምፅ የለም። ሁልጊዜ ይደውል ነበር፤ የሚደውልን ሰው ማን ይቀርጻል? ያን ጊዜ ነው ስለ መቅረጫው ለአባቴ የነገርኩት። አሮጊቶቹን የጠየቃቸው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፣ ሳቁ አለ፣ ብዙ ሰዓት የሚሄድ ነው አልኩት። አባቴ ፊቱ በራ። እንደዚያ ሆኖ ያየሁት ወንድሜ ከሞተ በኋላ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ለምን ቅድም አልተናገርክም?»

«አንተ ምንም አንፈልግም አልክ።»

«እኔማ ወጉ ነው» አለ። «ለአርባው አምጣልኝ።»

መንገዱ ተዘጋ። ያ ሰሞን ተኩስ ነበር፤ ከሰቆጣ መናኸሪያ መኪና አይወጣም ተባለ። በየቀኑ እየሄድኩ ጠየቅሁ። «ዛሬስ?» ስላቸው «አንተ ልጅ፣ እዚሁ አልጋ እናንጥፍልህ?» ይሉኛል። ሰዎቹ የሰጡንን የስልክ ቁጥር ወረቀት የያዘው አጎቴ ነበር፤ እሱ አምደወርቅ ተመልሷል፣ ኔትወርክም አልነበረም። ግን እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አልፈራሁም። ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ቤት ነው። የተማሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ ነገር አይጠፋም ብዬ ነበር።

መንገዱ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ሁለት ቀን ተጓዝኩ። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን አይቶ «ዋግ? ሯጭ ነህ?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«እግርህ ግን የሯጭ ነው። ግባ፣ ሜዳው በቀኝ ነው።»

የጠየቅሁት የቋንቋ ትምህርት ክፍልን ነበር። እሱን የት እንደሆነ አያውቀውም። ሜዳው ትልቅ ነው፤ ዙሪያው ገና እየተሠራ ነው፤ የብረት ወንበሮች ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። አለፍኩት። ከሁሉ ኋላ፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ የወንድሜን መምህር አገኘኋቸው። ቢሮአቸው ውስጥ ሦስት መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ይሠራሉ። ማንነቴን ስነግራቸው ተነስተው አቀፉኝ፤ ቶሎም አልለቀቁኝም።

መቅረጫውን ስጠይቅ ተቀመጡ።

«ክፍላችን ከሌላ ክፍል ጋር ተቀላቅሏል» አሉ። «ዕቃው ሁሉ ወደ ንብረት ክፍል ተመልሷል። መቅረጫው አለ። ካርዱን ነው የማላውቀው።»

«ሌላ ቦታ አልተገለበጠም?»

«የት ላይ? ማስቀመጫ ዲስክ ይገዛልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ወንድምህ ራሱ ደብዳቤውን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ዞሯል። ሲያዩት ስለ ሩጫው ይጠይቁታል፣ ትከሻውን ይመቱታል፣ ደብዳቤውን ያስቀምጡታል።»

ስለ በጀት ስብሰባው ነገሩኝ። ላቦራቶሪው ኬሚካል የለውም ሲባል ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ሜዳው ሣር የለውም ሲባል ሁሉም ይጮኻል። እኛ መቅረጫ፣ ዲስክ ስንል ሰው ስልኩን ያያል። እንዲህ አሉ። ከዚያ ደግሞ እጃቸውን አወዛወዙ። «ስፖርቱን እንዳትጠላ። ልጆቹ ከልባቸው ሲስቁ የማየው እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። እሱም እዚያ ይስቅ ነበር። ግን ለእግሩ በጀት ነበረው፤ ለጆሮው አልነበረውም።»

ንብረት ክፍል አብረን ሄድን። የንብረት ሠራተኛዋ መዝገቡን ገለጠች። «መቅረጫ፣ አንድ፣ አለ። ሜሞሪ ካርድ፣ አንድ፣ ስፖርት ክፍል ወስዷል» አለች። «ለምን?» አሏት መምህሩ። «ለካሜራ። ለመታሰቢያው ውድድር።»

እኔ ወዲያው አልገባኝም። መምህሩ ገባቸው። እጄን ይዘው ወደ ስፖርት ክፍል ወሰዱኝ።

የስፖርት ኃላፊው ሲያየኝ በጣም ደስ አለው። ወንድሜን ያየ መሰለው መሰለኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ውድድሩ እንዴት እንዳማረ፣ ስንት ልጅ የወንድሜን ስም በደረቱ ለጥፎ እንደሮጠ ነገረኝ። ጠበቅሁት። ከዚያ ስለ ካርዱ ጠየቅሁት።

«እ፣ ያ ካርድ» አለ። «ሙሉ ነበር። ከፍቼ ሰማሁት፤ አሮጊቶች ሲያለቅሱ ነው። አንድ ሰው አልፎ አልፎ ይናገራል። ቋንቋው አልገባኝም። የእኛ ካርድ ተበላሽቶ ነበር፣ መግዣ ደግሞ የሥርዓቱ መንገድ ረጅም ነው...»

«ያ የሚናገረው ሰው ወንድሜ ነው» አልኩት።

ሻዩን አስቀመጠ። ፊቱ ቀስ በቀስ ነው የተለወጠው። «አንድ ነገር ካለ ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር» አለ። እንደ መቆጣት አይደለም። እንደሚለምን ሰው ነው ያለው። «አባትህ ምንም አንፈልግም አሉኝ እኮ።»

ምን ልበለው? ወጋችን ነው ልበለው? በአሥራ ሁለተኛው ቀን ካርዱ ሙሉ ነበር። ከዚያ አንድ ሳምንት በኋላ፣ በውድድሩ ቀን ነው ድምፁ የጠፋው። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ።

ካርዱን አውጥቶ ሰጠኝ። ተከትላን የመጣችው የንብረት ሠራተኛ ከበሩ ላይ «የንብረት መውጫው ሞዴል ሃያ ሁለት ሳይፈረም እንዴት ይወጣል?» አለች። «በእኔ ይሁን!» ብሎ ጮኸባት።

ሰቆጣ እንደደረስኩ ሞባይል ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። የጠፋ ነገር ይመልሳል ይባላል። ግማሽ ቀን በኮምፒውተሩ ሞከረ። «ከላዩ ተቀርጾበታል፣ ወንድሜ» አለኝ። «ቤት ፈርሶ በቦታው ሌላ ቤት እንደተሠራ ቁጠረው።» ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ነፃ ነው አለኝ። ያለውን ወደ ስልኬ ገለበጠልኝ።

አባቴ እጅጌዬን ይዞ ከዳሱ ውጪ አስቀመጠኝ። የአርባው ዋዜማ ነው፤ ሴቶቹ ጠላ እየጠመቁ ነበር። «አስማኝ» አለ። ጠፍቷል ልለው ነበር። አላልኩም። ፈሪ ነኝ። ስልኩን ከፈትኩት።

መጀመሪያ የድምፅ ማጉያ ጩኸት አለ። ከዚያ የሚናገር ሰው፣ «ለወንድማችን አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት» ይላል። ከዚያ ምንም የለም። ነፋስ ብቻ። የባንዲራ ገመድ ብረቱን ሲመታ ይሰማል። አንድ ሰው ይስላል። አባቴ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ አንገቱን አዘንብሎ ጠበቀ።

«መቼ ነው የሚናገረው?»

«አይናገርም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን እየሆነ ነው?»

«ዝም ብለዋል። ለእሱ ነው ዝም ያሉት።»

«ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው። ሜዳው ሙሉ ነው።»

ጆሮውን ከስልኩ አነሳ። «አሁን ሌላውን፣ የአሮጊቶቹን አምጣው» አለ። ያን ጊዜ ነገርኩት። ሁሉንም አልነገርኩትም። አጥፍተውታል አልኩት። በማን ውድድር እንዳጠፉት ግን ራሱ ገባው፤ ዝምታው ደግሞ እየሄደ ነበርና ስልኩን በእጁ ፈልጎ ሸፈነው።

በማግስቱ፣ በአርባው፣ እማማ ወሬውን ሰምተዋል። ቱታውን አላነሱም። ዋንጫውንም አልነኩም። መሐል ላይ ባዶ እጃቸውን ቆሙና በኽምጣንጋ አለቀሱ። ሰው ሳይሞት ያስለቀስከኝ ሟርተኛ፣ ብድርህን ትቼልሃለሁ፣ አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ወንዱ ልጅ፣ እንደ እሱ ለመናገር ሞከሩ። «እማማ፣ ደክሞዎት እንደሆነ እንረፍ።» ዳሱ ተናወጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። አጎቴ ወጥቶ ሄደ።

አባቴ አላለቀሰም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «እንዲህ አልነበረም ድምፁ» አለኝ።

«አዎ፤ እንዲህ አልነበረም።»

«አንተ በለው።»

«እኔ?»

«የአንድ አባት ልጆች ናችሁ። የምትመስሉ ይመስለኛል። በለው እስቲ፤ ቀስ ብለህ።»

ሰው እያየን ነበር። ወደ ጆሮው ተጠግቼ አልኩት። ወንድሜ እንዳለው፣ ቀስ ብዬ፣ የመጨረሻውን ቃል እሱ እንደሚያረዝመው አርዝሜ አልኩት። ለአንድ አፍታ የአባቴ እጅ ክንዴን አጥብቆ ያዘ። የመጣ መስሎኝ ነበር፤ የእሱ ድምፅ በእኔ አፍ የመጣ። ከዚያ እጁ ላላ።

«የአንተ ነው» አለ።

አሁን ወንድሜን ለማስታወስ ስሞክር የሚሰማኝ የራሴ ድምፅ ነው። እማማን እንዳላስለቅሳቸው ስለ ድምፁ አልጠይቃቸውም። አባቴ ግን አልተወም። ውሃ ላምጣልህ ስለው፣ በሩን ልዝጋው ስለው፣ ምንም ይሁን፣ ስናገር አንገቱን ያዘነብላል። ይጠብቃል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ብዙ አልናገርም።